ስለ ሚክሮስኮፕ ክፍሎችና ስለ እያንዳንዱ ክፍል ሥራ

ለመንደር ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎችና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሌዎች

የሰው ዐይን ታላቅ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ልክ አለው። ተራራውን ከሩቅ ያያል፤ በአንዲት የደም ጠብታ ውስጥ ያለውን ግን ከቅርብ ሆኖም አያይም። ከዚህም የተነሣ ሰው የብዙ በሽታን ምክንያት ለረጅም ዘመን በግምት ሲናገር ኖረ። ንዳድ የያዘውን ሰው አንዱ ምች መታው ይላል፤ ሁለተኛው ብርድ አገኘው ይላል፤ ሦስተኛውም ቆላ ወርዶ ነበርና ወባ ነው ይላል። ከሦስቱ ማናቸው እውነት እንደ ተናገረ ለመለየት ደሙን መርምሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ደምን መርምሮ የሚያሳየውም መሣሪያ ሚክሮስኮፕ ነው። ማይክሮስኮፕም ይሉታል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ትንሽ የሚልና ማየት የሚል ሁለት ቃል የተጋጠመበት ነው።

ይህ ነገር በተለይ የአቃቂ በሰቃን ሰው ይመለከታል። አቃቂ በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። ወባ ደግሞ ከ2000 ሜትር በታች ባለው አገር የሚገኝ በሽታ ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ተነግሯል። ስለዚህ በአቃቂ ንዳድ የያዘው ሰው ቆላ ያልወረደ እንደ ሆነ፣ በሽታው ወባ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. አዱኛ ወዬሳ፣ ተሾመ ገብረ ሚካኤልና አሕመድ ዓሊ የተባሉ መርማሪዎች በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በአቃቂ ከተማና በአካባቢዋ ወባ ከሌላ አገር ተይዞ የሚመጣ ብቻ ሳይሆን ከዚያው ከስፍራው የሚተላለፍ መሆኑን አስረድተዋል።

ከዚያ በፊትም ደጋው ሊተማመን እንደማይገባው የታየበት ዘመን ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። ስለዚህ በአቃቂም ሆነ አቃቂን በሚመስል አገር፣ ንዳድን በከፍታ መለየት አይበቃም፤ በምርመራ መለየት ያስፈልጋል።

ሚክሮስኮፕ ግን እውነቱን የሚገልጸው ክፍሎቹ ሁሉ ተስማምተው ሲሠሩ፣ የሚያይበትም ሰው የየክፍሉን ሥራ ሲያውቅ ነው። አንዱ ክፍል ያለ ቦታው ቢውል ያለውን የለም፣ የሌለውንም አለ ያሰኛል። ከዚህ በታች የክፍሎቹን ስምና ሥራ በየተራው እንጽፋለን።

1ኛ፤ አካሉን ስለሚሸከሙ ክፍሎች

በታች ያለው ከባዱ ክፍል እግር ይባላል። ሥራውም መሣሪያው እንዳይነቃነቅ አጽንቶ መያዝ ነው። አንድን ነገር 1000 ጊዜ አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ መነቃነቁንም 1000 ጊዜ አጉልቶ ያሳያልና፣ እግሩ ከባድ፣ የሚቀመጥበትም ጠረጴዛ የማይናወጥ መሆን ይገባዋል።

ከእግሩ ወደ ላይ የሚነሣው ክንድ ይባላል። ክንዱ ሌሎቹን ክፍሎች ሁሉ ይሸከማል። መሣሪያውን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚወስድ ሰው በአንድ እጁ ክንዱን ይዞ፣ ሁለተኛውን እጁን ከእግሩ በታች አድርጎ ይሸከመው። በክንዱ ራስ ላይ ያለው ቱቦ ከታችና ከላይ ያሉትን መስተዋቶች እርስ በርሳቸው በልክ አራርቆ ይይዛል፤ ከጐን የሚመጣውንም ብርሃን ይከለክላል።

2ኛ፤ ስለ ገበታው

በክንዱ መካከል እንደ ትንሽ ጠረጴዛ ሆኖ የተዘረጋው ክፍል ገበታ ይባላል። የሚመረመረው ነገር ስላይድ በሚባል ቀጭን የመስተዋት ቍራጭ ላይ ተደርጎ በገበታው ላይ ይቀመጣል። በገበታው መካከል ቀዳዳ አለ፤ ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ የሚያልፈው በዚህ ቀዳዳ ነው። ስላይዱ እንዳይንሸራተት ሁለት መቆንጠጫዎች ይይዙታል። በአንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ ስላይዱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት በጥቂት የሚነዳ መዘውር አለ። ይህ መዘውር ለደም ምርመራ እጅግ ይጠቅማል፤ መርማሪው ያየውን ስፍራ ሁለተኛ ሳይመለስበት፣ ያላየውንም ሳይዘልል፣ ገበሬ እርሻውን በትልም በትልሙ እንደሚያርስ በሥርዓት ያይበታልና።

3ኛ፤ ስለ ብርሃን ክፍሎች

ብዙ ሰው የሚክሮስኮፕ ሥራ ማጉላት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ያለ በቂ ብርሃን የጐላ ነገር አይታይም። ስለ ብርሃን የሚሠሩት ክፍሎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የብርሃን ምንጭ ነው። በአዲሱ መሣሪያ ከእግሩ ላይ የኤሌክትሪክ መብራት አለ። በአሮጌው ደግሞ በአንድ ፊቱ ለጥ ያለ፣ በሁለተኛው ፊቱ ጐድጐድ ያለ መስታወት አለበት፤ ይህም የቀኑን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ላይ ይመልሳል። መብራት ለሌለበት የመንደር ትምህርት ቤት ባለ መስታወቱ ይመቻል። ነገር ግን መስታወቱን ወደ ፀሐይ ፊት ለፊት ማቅናት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የተሰበሰበው የፀሐይ ብርሃን ዐይንን ያሳውራልና። ወደ ብሩህ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ ማቅናት ይበቃል።

ሁለተኛው ከገበታው በታች ያለው ብርሃን ሰብሳቢ ነው። የተበተነውን ብርሃን ሰብስቦ በሚመረመረው ነገር ላይ ያውለዋል። በታላቅ ማጉያ ሲሠሩ ወደ ላይ ከፍ ያደርጉታል፤ በታናሽ ማጉያ ሲሠሩ ጥቂት ዝቅ ያደርጉታል።

ሦስተኛው የብርሃን መመጠኛ ነው። እርሱም በብርሃን ሰብሳቢው ሥር የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ ሲሆን፣ እንደ ዐይን ብሌን ይሰፋል፣ ይጠብባል። ቀለም ያልተነከረ ነገር፣ ይልቁንም በውሃ ጠብታ ውስጥ ያለ ነገር፣ ብርሃን ሲበዛበት ይጠፋል፤ ስለዚህ መመጠኛውን ያጠቡታል። በቀለም የተነከረውን ደም በታላቁ ማጉያ ሲያዩ ግን ይከፍቱታል።

4ኛ፤ ስለሚያጐሉት መስተዋቶች

ሽማግሌ ዳዊት የሚደግምበት መነጽር መካከሉ ወፍሮ ዳሩ የሳሳ መስተዋት ነው። እንዲህ ያለው መስተዋት ሌንስ ይባላል። ብርሃን በእርሱ ሲያልፍ ስለሚታጠፍ፣ ከበስተኋላው ያለው ፊደል ጐልቶ ይታያል። ሚክሮስኮፕ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ሌንስ ያጐላውን ሌላው ሌንስ እንደ ገና ስለሚያጐላው ነው።

ከሚመረመረው ነገር አጠገብ ያለው ሌንስ የነገር ሌንስ ይባላል። ይህ ሌንስ የነገሩን ምስል አጉልቶና ገልብጦ በቱቦው ውስጥ ያሳርፈዋል። ከላይ ዐይን የሚጠጋበት ሌንስ የዐይን ሌንስ ይባላል፤ እርሱም ያንን ምስል ተቀብሎ እንደ ገና ያጐላዋል። የነገር ሌንሶች ብዙውን ጊዜ 4፣ 10፣ 40 እና 100 ጊዜ የሚያጐሉ አራት ናቸው፤ በተሽከርካሪ ራስ ላይ ተተክለው ራሱን በማዞር የተፈለገው በቀዳዳው ትክክል ይመጣል። ቀጥ ብሎ በገባ ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ጠቅላላው ማጉላት የሁለቱ ሌንሶች ብዜት ነው። የዐይኑ ሌንስ 10 ጊዜ፣ የነገሩ ሌንስ 40 ጊዜ የሚያጐላ ቢሆን፣ 10 በ40 ሲባዛ 400 ይሆናል። በ100ው ሌንስ ቢሆን 1000 ይሆናል። ቀይ የደም ሕዋስ የጐኑ ስፋት ከሚሊሜትር ሺህ እጅ 7 እጅ ያህል ነው፤ ስለዚህ በአንዲት የጤፍ ቅንጣት ርዝመት ላይ ከ100 የሚበልጡ ሕዋሳት ጐን ለጐን ሊሰለፉ ይችላሉ። 1000 ጊዜ በጐላ ጊዜ ግን አንዱ ሕዋስ አንዲት ምስር ያህል ሆኖ ይታያል። የወባ ተውሳክ የሚገኘው በዚህ ሕዋስ ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ማጉላት ብቻውን ማየት አይደለም። የደበዘዘ ጽሕፈት ቢያሰፉት ድብዝዝነቱ ይሰፋል እንጂ አይነበብም። በብርሃን የሚሠራ ተራ ሚክሮስኮፕ ከሚሊሜትር ሺህ እጅ የአንዱን እጅ አንድ አምስተኛ ከሚያህል ርቀት ይልቅ የተቀራረቡትን ሁለት ነጥቦች ለይቶ አያሳይም፤ አንድ አድርጎ ያሳያቸዋል። ይህም የብርሃን ጠባይ የወሰነው ልክ ነው።

ወደዚህ ልክ ለመድረስ በ100ው ሌንስና በስላይዱ መካከል አንዲት የዘይት ጠብታ ይደረጋል። ብርሃን ከመስተዋት ወደ አየር ሲወጣ ተጣጥፎ ወደ ጐን ይባክናል፤ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ዘይት ግን ብርሃንን እንደ መስተዋት ስለሚያሳልፍ ብርሃኑ ሳይባክን ወደ ሌንሱ ይገባል። ይህ ዘይት የሚደረገው ለ100ው ሌንስ ብቻ ነው። ዘይቱ ወደ 40ው ሌንስ ቢነካካ ምስሉን እንደ ጉም ያለብሰዋል።

5ኛ፤ ስለ ማስተካከያ መዘውሮች

በክንዱ ጐን ሁለት መዘውሮች አሉ። ታላቁ መዘውር ገበታውን ወይም ቱቦውን በቶሎ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ታናሹ በጣም በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል። ሥርዓቱ እንደዚህ ነው። መጀመሪያ በታናሹ ማጉያ ይጀምራሉ። ከጐን እየተመለከቱ ሌንሱን ወደ ስላይዱ ያቀርቡታል፤ ከዚያ በኋላ በዐይን ሌንስ እያዩ፣ ምስሉ እስኪገኝ ድረስ ሌንሱን ከስላይዱ ያርቃሉ። በዐይን ሌንስ እያዩ ማቅረብ ስላይዱን ይሰብራል፣ ሌንሱንም ይቧጭራል። በ40ውና በ100ው ሌንስ የሚሠራ ሰው በታናሹ መዘውር ብቻ ይጠቀም፤ በዚያ ጊዜ በሌንሱና በስላይዱ መካከል ያለው ክፍተት 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላምና።

ለተማሪዎች መጀመሪያ የሚሰጥ ሥራ

ከጋዜጣ ላይ «ሀ» የሚለውን ትንሽ ፊደል ቈርጦ በስላይድ ላይ አቅንቶ ማስቀመጥ ነው። ተማሪው በሌንስ ሲመለከት «ሀ» ተገልብጦ «ለ»ን ሊመስል ተቃርቦ ያገኘዋል። ስላይዱን ወደ ቀኝ ቢገፋው ምስሉ ወደ ግራ ይሄዳል። ተማሪው ከዚህ የሚማረው፣ የሚያየው ነገር በሌንሶች ያለፈ ምስል መሆኑን ነው፤ ምስሉንም ለመተርጐም የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልገዋል።

ከዚህ በኋላ የቀይ ሽንኩርትን ስስ ልጣጭ፣ ከዚያም ከአቃቂ ወንዝ የተቀዳ የውሃ ጠብታ ያሳዩአቸው። ጠብታውን በስሱ የመስተዋት መሸፈኛ መክደን ይገባል። ውሃውን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የሆላንዱ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1674 ዓ.ም. በገዛ እጁ በሠራው ሌንስ የሐይቅ ውሃ ተመልክቶ፣ ዐይን የማያያቸውን ሕያዋን ፍጥረታት አገኘ። ሚክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ በንጹሕ መስተዋት ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ አድርጎ ከጽሕፈት በላይ ጥቂት ከፍ አድርጎ ቢይዘው፣ ጠብታዋ እንደ ሌንስ ሆና ፊደሉን ስታጐላ ለተማሪዎቹ ማሳየት ይችላል።

የደም ምርመራ እንዴት እንደሚደረግ

አልፎንስ ላቬራን የተባለው የፈረንሳይ ጦር ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. በአልጄሪያ በኮንስታንቲን ከተማ የንዳድ በሽተኛ ደም በሚክሮስኮፕ ሲመለከት የወባን ተውሳክ አገኘ። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር ተውሳኩን በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። በዚህ ዐይነት፣ ከመጥፎ አየር የመጣ ነው ይባል የነበረው በሽታ ምክንያቱ ታወቀ።

ዛሬ በጤና ጣቢያ ከጣት የተወሰደው ደም በስላይድ ላይ በሁለት ዐይነት ይዘጋጃል። አንደኛው ወፍራም ቅብ ነው፤ ብዙ ደም በትንሽ ስፍራ ስለሚከማችበት ተውሳኩ መኖሩን ለማግኘት ይረዳል። ሁለተኛው ስስ ቅብ ነው፤ ሕዋሳቱ ተነጣጥለው ስለሚታዩበት የተውሳኩን ዐይነት ለመለየት ይረዳል። ሁለቱም ጊምዛ በሚባል ቀለም ይነከራሉ፤ በዚህም የተውሳኩ አስኳል ቀይ፣ ሌላው አካሉ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት ሁለቱ ዐይነቶች ናቸው። መድኃኒታቸው አንድ ስላልሆነ ለይቶ ማወቁ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ፋልሲፓረም በቶሎ ካልታከመ ይገድላል፤ ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቈይቶ ተመልሶ ያሳምማል።

የክፍሎቹ ጕድለት የሚያመጣው ስሕተት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ሰብሳቢው ዝቅ ብሎ ቢቀር በታላቁ ሌንስ የሚታየው ሁሉ ይጨልማል፤ እንደ ቀጭን ቀለበት ያለው ተውሳክም ሳይታይ ያልፋል። በዐይን ሌንስ ላይ ያረፈ ትቢያ ወይም ያልተጣራ የቀለም ዝቃጭ ደግሞ ተውሳክ ሊመስል ይችላል። የጕድፉን ስፍራ ለማወቅ የዐይን ሌንሱን ማዞር ነው፤ ጕድፉ አብሮ ከዞረ በዐይን ሌንሱ ላይ ነው። ስላይዱ ሲገፋ አብሮ ከሄደ በስላይዱ ላይ ነው። በሁለቱም ካልተንቀሳቀሰ የነገሩን ሌንስ መመርመር ይገባል። ደግሞም በዘይቱ ሌንስ አንድ ጊዜ የሚታየው ስፍራ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፣ መርማሪው ተውሳክ የለም ብሎ ከመጻፉ በፊት በወፍራሙ ቅብ ላይ ቢያንስ 100 የተለያየ ስፍራ ማየት አለበት። አምስት ወይም ዐሥር ስፍራ አይቶ የለም የሚል ሰው በሽተኛውን ያሳስተዋል።

ሚክሮስኮፕ ስለማያሳየው ነገር

አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ተውሳኩ በደሙ ውስጥ ጥቂት ሲሆን በመጀመሪያው ምርመራ ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ንዳዱ ያልተወው ሰው በማግስቱ እንደ ገና መመርመር አለበት። ያለ ሚክሮስኮፕ በጥቂት ደቂቃ የሚመረምር ፈጣን መመርመሪያ መኖሩ ታላቅ ረድኤት ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በኢትዮጵያ አንዳንዱ የፋልሲፓረም ተውሳክ ይህ መመርመሪያ የሚያውቀውን ምልክት እንደ ጣለና እንደሚያመልጠው ተገልጿል። ስለዚህ ሚክሮስኮፕን የሚያውቅ ሰው አሁንም ያስፈልጋል።

እንዲሁም በውሃ ውስጥ የሟሟ የፋብሪካ መርዝ በሚክሮስኮፕ አይታይም፤ አብዛኞቹ ቫይረሶችም ከብርሃን ልክ በታች ስለ ሆኑ አይታዩም። በጠብታው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አላየንምና የወንዙ ውሃ ይጠጣል ብሎ ለተማሪዎች መንገር ታላቅ ስሕተት ነው።

መሣሪያውን ስለ መጠበቅና ስለ ሽማግሌዎች ተግባር

ሌንስን በነጠላ ጫፍ፣ በሸሚዝ ወይም በጣት መጥረግ አይገባም፤ ለሌንስ በተዘጋጀ ለስላሳ ወረቀት ይጠረጋል። ዘይቱ ሥራው እንዳለቀ ወዲያው ይጠረግ። መሣሪያው ሲያበቃ ታናሹ ሌንስ ወደ ቀዳዳው ይመለስ፣ ከአቧራ ይከደን፣ እርጥበት በሌለበትም ስፍራ ይቀመጥ፤ በእርጥብ ስፍራ ሻጋታ በሌንሱ ላይ ይበቅላልና። በትምህርት ቤት ከተማሪ ደም መውሰድ አይፈቀድም፤ ይህ የጤና ጣቢያ ሥራ ነው።

የአገር ሽማግሌዎች ደግሞ ምክራችሁ በየቤቱ ስለሚሰማ ይህን አስታውቁ። ከክረምት በኋላ፣ ይልቁንም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ልጅ ንዳድ ቢይዘው ቆላ አልወረደም ተብሎ አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከሌላ በሽተኛ የተረፈ መድኃኒት ደሙ ሳይመረመር አይሰጠው፤ እንዲህ ያለው መድኃኒት በሽታውን ሳያጠፋ ተውሳኩን ብቻ አሳንሶ ከመርማሪው ዐይን ሊሰውረው ይችላልና። አስተማሪዎችም የየክፍሉን ሥራ ለተማሪዎቻቸው በሚገባ ቢያስረዱ፣ ነገ በጤና ጣቢያ ከመሣሪያው ፊት የሚቀመጠው መርማሪ ከእነዚሁ ልጆች መካከል ይወጣል። እርሱም ብርሃኑን አስተካክሎ፣ ሌንሱን ጠርጎ፣ መቶውንም ስፍራ በትዕግሥት አይቶ የሚጽፈው ቃል ለበሽተኛው ትክክለኛውን መድኃኒት ያስገኛል።